የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ዘረ-መላዊ ልዩነት በእንስሳትና በአፈር ውስጥ

መግቢያ

ከብት በድንገት ታሞ ሲወድቅ ሥጋው ከንቱ እንዳይቀር በማለት ነፍሱ ሳትወጣ ማረድ በገጠር የቆየ ልማድ ነው። ከብቱ የታመመው በአባ ሰንጋ ከሆነ ግን ጉዳቱ ሥጋውን በሚካፈሉት ሰዎች ላይ ብቻ አይወሰንም፤ የፈሰሰው ደም ለብዙ ዓመታት የሚቆይ ጠንቅ በግጦሹ ላይ ይዘራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ባክቴሪያው ዘረ-መል የተገኘው ዕውቀት ይህን ጉዳይ ለማስተማር እንዴት እንደሚረዳ ለመምህራን ማስገንዘብ ነው።

የባክቴሪያው ጠባይ

ባክቴሪያው በሳይንሳዊ ስሙ ባሲለስ አንትራሲስ ይባላል። የሕይወት ዑደቱን እ.ኤ.አ. በ1876 የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ነው። በእንስሳው ደም ውስጥ በፍጥነት ይራባል፤ ደሙ ፈስሶ አየር ሲያገኘው ደግሞ ስፖር ወደሚባል ጠንካራ ሽፋን ወዳለው የእንቅልፍ ቅርጽ ይለወጣል። በድኑ ሳይከፈት ከቀረ ግን በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በአብዛኛው ከብስባሹ ጋር ይጠፋሉ።

ስፖሩ ምን ያህል እንደሚጸና የስኮትላንዷ ግሩናርድ ደሴት ትመሰክራለች። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1942 ባክቴሪያውን በጦር መሣሪያነት የሞከረችባት ይህች ደሴት ከአደጋ ነፃ መሆኗ የተገለጸው አፈሯ በኬሚካል ከታከመ በኋላ በ1990 ነበር።

ልዩነቱ ለምን አነሰ?

በአፈር ውስጥ የሚኖረው የቅርብ ዘመዱ ባሲለስ ሴሬየስ በዘረ-መሉ እጅግ የተለያየ ነው። የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ ግን ከአህጉር አህጉር ተመሳሳይ ነው ለማለት ይቻላል። ምክንያቱን በቁም ጸሐፊ ሥራ መመሰል ይቻላል። አንድ ዳዊት በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ፊደል ሊሳሳት ይችላል፤ በማኅደሩ ተሰቅሎ የሚኖር መጽሐፍ ግን አዲስ ስሕተት አይጨምርም። ዘረ-መልም በአብዛኛው የሚለወጠው ባክቴሪያው ሲራባ ነው። ስፖሩ ረጅም ዘመን በአፈር ውስጥ ሳይራባ ስለሚቆይ 5.2 ሚሊዮን ያህል «ፊደላት» ያሉት ክሮሞዞሙ እምብዛም አይለወጥም።

ቢሆንም ጥቂት ልዩነቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ፖል ካይምና ባልደረቦቹ 426 ናሙናዎችን በስምንት የዘረ-መል ቦታዎች መርምረው በ89 ዓይነት ለይተዋቸዋል። እነዚህም በሁለት ታላላቅ ነገዶች የሚመደቡ ሲሆን፣ ሁለቱም በደቡብ አፍሪካው ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ተገኝተዋል። ሁለት ቅጂዎች አንድ ዓይነት ስሕተት ቢኖራቸው ከአንድ ምንጭ መገልበጣቸው እንደሚጠረጠር ሁሉ፣ ከታመመው ከብትና ከአፈሩ የተገኙትን ባክቴሪያዎች በማነጻጸር የበሽታውን መነሻ መከታተል ይቻላል። ሆኖም ልዩነቱ በጣም ጥቂት ስለሆነ መመሳሰል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም፤ የከብቶቹ የግጦሽና የገበያ ጉዞም መጠናት አለበት።

የልዩነቱ ማነስ ጥቅምም አለው። በሽታ የማምጣት ኃይሉ በሁለት ፕላዝሚዶች ላይ ያለ ነው፤ አንደኛው መርዙን፣ ሁለተኛው መከላከያ ሽፋኑን ያስገኛል። በ1930ዎቹ ማክስ ስተርን በደቡብ አፍሪካ ሽፋኑን ካጣ ዝርያ የከብት ክትባት አዘጋጀ። የመርዙ ዋና ክፍል ከቦታ ቦታ እምብዛም ስለማይለያይ ይኸው ክትባት እስከ ዛሬ በብዙ አገሮች ያገለግላል።

ለመምህሩ

ትምህርቱን በተግባር ለማሳየት አንድ አንቀጽ ከተማሪ ወደ ተማሪ እያስገለበጡ ስሕተቶቹን ማስቆጠር ይበቃል። በበሽታ ከሞተ ከብት ቁርበት፣ አጥንት ወይም ከሞተበት ቦታ አፈር ለናሙና ወደ ክፍል ማምጣት ፈጽሞ አይገባም።

ተማሪው ወደ ቤቱ ይዞ ሊመለስ የሚገባው ቁም ነገርም ይህ ነው። ከብት በድንገት ሲሞት፣ በተለይም የማይረጋ ደም ከአፍንጫው ወይም ከአፉ ሲወጣ፣ አይገፈፍ፤ አይበለት፤ አይበላ። ለእንስሳት ሐኪም ይነገር፤ በድኑም በመመሪያው መሠረት ይቃጠል ወይም በጥልቅ ይቀበር። የነካው ሰው ቁስል ቢወጣበት በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናልና። ዛሬ ያልተከፈተ በድን ለነገ መንጋ የተጠበቀ ግጦሽ መሆኑን ተማሪው ከተረዳ ትምህርቱ ግቡን መትቷል።