ድምፁ ቀድሞ ምስሉ ሲጎተት

ከቢቸናም ከሞጣም የሚደውሉልኝ የፎቶ ቤት ልጆች ጥያቄ አንድ ነው፦ «ካሜራዬን ከላፕቶፕ አገናኝቼ ሠርግ በቀጥታ ሳስተላልፍ የመራቂው ድምፅ ይቀድማል፣ አፋቸው በኋላ ይንቀሳቀሳል።» ሁሉም ኔትወርኩን ይረግማል። ኔትወርክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅና ምስልን አብሮ ነው የሚያዘገየው። ሁለቱ ከተለያዩ ከካሜራ እስከ ላፕቶፕ ያለውን መንገድ ፈትሹ።

መጀመሪያ መዘግየቱን ለኩት። ስልክ ላይ ስቶፕዋች አስነሡና ካሜራው ፊት አቁሙት። በሌላ ስልክ ስቶፕዋቹንና የላፕቶፑን ስክሪን በአንድ ፎቶ አንሡ። የቁጥሮቹ ልዩነት መዘግየቱ ነው። 0.2 ሰከንድ ከሆነ በማስተላለፊያው ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ ኦቢኤስ ውስጥ፣ ላፕቶፑ ላይ የተሰካውን ማይክ 200 ሚሊሰከንድ አዘግዩት፤ ከንፈርና ድምፅ ይታረቃሉ።

ይህ ማስታረቅ እንጂ ማፍጠን አይደለም። መዘግየቱን ራሱን ለመቀነስ የካኖን ዌብካም ዩቲሊቲን የመሰለ ሶፍትዌር በዩኤስቢ ከመጠቀም ይልቅ በኤችዲኤምአይ ገመድና በካፕቸር ካርድ መሞከር ይሻላል። ካርዱን በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት፤ ዩኤስቢ 3 ካለው እሱን ምረጡ። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ከ1080 ወደ 720 ውረዱ፤ ፒክስሉ ከግማሽ በታች ስለሚሆን ማሽኑ ይተነፍሳል። ዘመድ በስልኩ ነው የሚያየው፣ ልዩነቱን ማንም አይጠይቃችሁም።

ዳስ ውስጥ ደግሞ ሹተሩን ለአውቶ አትተዉት። ጨለማ ሲሆን ካሜራው ፍጥነቱን ሊቀንስና እስክስታው የተጎተተ ሊመስል ይችላል። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ 1/50 ላይ ቆልፉት፤ የአምፖሉ መርገብገብም ይቀንሳል።