ገሳና ላስቲክ፤ የመንዝ ገበያ ለነጋዴው የሚያስተምረው

አንድ ዕቃ ከመደብር ሲወጣ በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ሒሳብ በዚያው ይዘጋል። ዕቃው ካረጀ በኋላ መሬትና ውሃ የሚሸከሙት ዕዳ ግን በማንም የንግድ መዝገብ አይጻፍም። ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያሻም፤ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ሞላሌ ገበያ መውጣት ይበቃል።

መንዝ የብርድ አገር ነው። ስለዚህም ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ብርድና ዝናብ የሚከላከልበትን ከገዛ አገሩ ሲያገኝ ኖሯል። በጉ ጠጉሩን ይሰጣል፤ ሴቶች ይፈትሉታል፤ ሸማኔውም ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራበታል። ከጓሳ ሣር ደግሞ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ፣ ገመድና የቤት ክዳን ይገኛል። ይህ ሁሉ ሲያረጅ በስብሶ ወደ አፈር ይመለሳል።

ዛሬ በገሳው ፋንታ ላስቲክ፣ በዝተቱ ፋንታ ከባሕር ማዶ የመጣ የፖሊስተር ብርድ ልብስ፣ በሣር ክዳኑ ፋንታ ቆርቆሮ ገብቷል። ገዢውን መውቀስ አይገባም። ላስቲኩ ቀላል ነው፤ ብርድ ልብሱ ለስላሳና ቶሎ የሚደርቅ ነው፤ ቆርቆሮውም እንደ ሣር በየጊዜው መታደስን አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ ስለሆነ፣ በታጠበ ቁጥር ዓይን የማያየው ብናኝ ወደ ውሃ ይለቃል፤ ሲጣልም አይበሰብስም። የመንዝ ውሃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ስለሚወርድ በአንድ ወንዝ ዳር የተጣለው በዚያው አይቀርም።

ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ከሞላሌ በስተ ሰሜን በጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ሜዳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው። አባቶች ቄሮ በተባለው ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ይቆይና፣ ሲደርስ በተወሰነ ጊዜ ተከፍቶ ይታጨዳል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ የአካባቢው ሕዝብ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጥሎበታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም እስከ ዛሬ በዚያ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። አባቶች ሜዳውን የጠበቁት ለቀበሮው ብለው ሳይሆን፣ ክዳኑ፣ ገመዱና ገሳው ስለሚያስፈልጋቸው ነበር። የሚፈለግ ነገር ጠባቂ አያጣም። ላስቲክ ሲመጣ ሣሩ የሚያርፍ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሣሩ የሚገኘው ጥቅም ባነሰ መጠን መሬቱ ይታረስ የሚለው ክርክር ይበረታል። የበግ ጠጉርም እንዲሁ ነው፤ ገዢ ካጣ ይጣላል፤ መፍተል የተወች እናትም ሙያዋን ለልጇ አታወርስም።

እንግዲህ በዚህ መካከል የነጋዴው ድርሻ ምንድን ነው? ሕጉ መንገዱን መጥረግ ጀምሯል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ባጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የላስቲክ ከረጢት ማምረት፣ ማስመጣትና መሸጥ ተከልክሏል። ሕግ ግን የሚከለከለውን ይናገራል እንጂ በመደርደሪያው ላይ ምን እንደሚተካ አይወስንም፤ ያን የሚወስነው ነጋዴው ነው።

ስለዚህ አስመጪው ብርድ ልብስ ሲያዝ በርካሽነቱ ብቻ ሳይሆን ስንት ክረምት እንደሚያገለግል ይጠይቅ። ባለ ሱቁ ከውጭው ዕቃ ጎን ዝተትና ባና ያስቀምጥ፤ ከምን እንደተሠሩም ለደንበኛው ያስረዳ። ላኪው ደግሞ ጠጉሩ በቀለም ተለይቶና በሚገባ ታጥቦ እንዲቀርብ ከፈታዮችና ከሸማኔዎች ጋር ይዋዋል፤ ለጥራቱም ተገቢውን ዋጋ ይክፈል። ያለ ጥራት ምስጋና እንጂ ሽያጭ አይገኝምና።

ከዓለም ጋር መነገድ ይቅር የምንል አይደለንም፤ አገር ያለ ንግድ አይለማም። የምንለው፣ የውጭው ዕቃ የአገሩን ዕቃ ከገበያ ባስወጣ ጊዜ፣ ያ ዕቃ ያስጠብቀው የነበረው ሜዳና ውሃም አብሮ ጠባቂ እንዳያጣ እንጠንቀቅ ነው።