ያረጀ አውቶቡስ የት ይደር?

እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን የተነሣ አንድ ረጅም ቅፍለት አፍሪካን ሽቅብ እያቋረጠ ኢትዮጵያ ገባ። 41 የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ተጎታች ቤቶች ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸው አሜሪካውያን፣ መሪያቸው የኤርስትሪም ኩባንያ መሥራች ዋሊ ባያም፣ መድረሻቸው ደግሞ ካይሮ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴም እንግዶቹን ተቀብለዋቸዋል። ቤቱን በጎማ ላይ ጭኖ ለሚዞር መንገደኛ ከዚህ የላቀ አቀባበል አይገኝም።

በእነዚያ አዳዲስ ተጎታቾች ፈንታ ለዓመታት ተማሪ ሲያመላልስ የኖረ፣ ወንበሩ ተነቅሎ አልጋና ምድጃ የገባለት አውቶቡስ ቢመጣስ? አሜሪካ ውስጥ ብዙ የግል ካምፖች ለዚህ ያዘጋጁት መልስ አጭር ነው፦ አሥር ዓመት ያለፈው መኪና አይገባም። አንዳንዶቹ ዕድሜውንም አይጠይቁም፤ አውቶቡስ መሆኑ ብቻ ይበቃቸዋል። ይህ ጽሑፍ ያንን አውቶቡስና የሚዘጋበትን በር ያስተዋውቃል። ነገሩ ሩቅ ይምሰል እንጂ በአማራ ክልል አዊ ዞን ባሉት በጥርባና በዘንገና ሐይቆች ዳር እንግዳ ማሳደር ለሚያስብ ሰው የሚጠቅም ትምህርት አለው።

አውቶቡስ ቤት ሲሆን

የአሜሪካ የትምህርት ቤት አውቶቡስ በከባድ መኪና ሻንሲ ላይ የቆመ የብረት አካል ነው። ትልቁ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ከ70 በላይ ሕፃናት ይይዛል፤ ቢገለበጥ እንዳይጨፈለቅ ጣሪያውና ግድግዳው በወፍራም የብረት ማገር የተያዘ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲጨርስበት በጨረታ ያወጣዋል። ዋጋው ከአዲስ የመኪና ቤት ጋር አይወዳደርም፤ ስለዚህም ገንዘብ የሌለው፣ እጁ ግን ሥራ የለመደ ሰው ይገዛዋል።

ገዢው በመጀመሪያ ወንበሮቹን ይነቅላል። ቀጥሎ የወለሉን ላስቲክና ጣውላ አንሥቶ ላሜራውን ያያል፤ የዛገውን ቆርጦ ሌላ ያስበይዳል። ብረት ብርዱንም ሙቀቱንም ስለሚያስገባ ግድግዳውና ጣሪያው በውስጥ በኩል መከላከያ ይደረግላቸዋል፤ ይህን የዘለለ ሰው ክረምት ላይ ከጣሪያው በሚንጠባጠብ ላብ አልጋው ይረጥባል። ውሃው ሦስት ጋን ይፈልጋል፦ አንዱ ለንጹሕ ውሃ፣ አንዱ ለእቃና ለገላ እጣቢ፣ አንዱ ለሽንት ቤት። መብራቱ ከጣሪያ የፀሐይ ሰሌዳ ወደ ባትሪ ይወርዳል፤ ካምፕ ሲገኝ ደግሞ በ30 ወይም በ50 አምፔር ሶኬት ከመስመር ይሳባል። ቢጫው ቀለምም ይቀየራል። ያ ቢጫ እ.ኤ.አ. በ1939 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተካሄደ ጉባኤ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ የተመረጠ ስለሆነ፣ በብዙ ግዛቶች ሕግ ተማሪ የማይጭን አውቶቡስ ይዞት እንዲዞር አይፈቀድም።

ሁለተኛው ዝርያ ጡረታ የወጣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። ሞተሩ ከኋላ፣ ሰፊው የሻንጣ ቦታው ከሥር በመሆኑ ጋኖቹና ባትሪዎቹ እዚያ ይገባሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ የጥንቱን ባለ ሁለት ምት ዲትሮይት ዲዝል ይዘው የቆዩ ናቸው፤ ሞተሩ በጥንካሬው የታወቀ ቢሆንም በጩኸቱና ዘይት በማንጠባጠቡም ስም አውጥቷል። ሌላም ጠባይ አለ፤ የከባድ መኪና ሹፌር ያውቀዋል። የአየር ፍሬን ያለው አውቶቡስ ጧት ከመነሣቱ በፊት አየር እስኪሞላ ቆሞ መጮህ አለበት። ጎረቤት ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ይህን በጸጋ አይቀበለውም።

አንድ አውቶቡስ፣ ሁለት ስም

የሚገርመው ግን፣ የአሜሪካን የመኪና ቤት ባህል ካቋቋሙት ውስጥ እነዚሁ አውቶቡሶች አሉበት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1963 በሜይን ግዛት ሂንክሊ በምትባል ቦታ 26 ቤተሰቦች የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ተሰበሰቡ። ሁሉም ራሱን በሚነዳ ቤት የመጡ ነበሩ፤ በጊዜው እንዲህ ያለው መኪና በብዛት ከፋብሪካ ስለማይወጣ ከመካከላቸው አውቶቡስ ለውጠው የመጡ ነበሩ። ግርዶሹ ካለፈ በኋላ ማኅበር መሠረቱ፤ ያ ማኅበር አድጎ በአገሪቱ ከታወቁት የመኪና ቤት ባለቤቶች ማኅበራት አንዱ ሆነ። በዚያው ዘመን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሠሪው ብሉ በርድ በራሱ አውቶቡስ ላይ የተሠራ የቅንጦት ቤት ገበያ ላይ አዋለ።

በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ደራሲው ኬን ኪሲና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. የ1939 ሥሪት አውቶቡስ በየቀለሙ ቀብተው ከካሊፎርኒያ ወደ ኒውዮርክ ነዱ። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ ስቲቨን ጋስኪን የሚባል መምህር ከሳን ፍራንሲስኮ በአሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች የተጫኑ ተከታዮቹን ይዞ ወጣ፤ በማግስቱ ዓመት ቴነሲ ውስጥ መሬት ገዝተው በጋራ መኖር ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ አውቶቡሱ ሁለት ስም ወጣለት። በአንድ በኩል የጨዋ ቤተሰብ መዝናኛ፤ በሌላ በኩል ፀጉሩን ያሳደገ፣ የሥራ አድራሻ የሌለው፣ ከመጣ የማይሄድ ሰው ማደሪያ።

በብሪታንያ ጥርጣሬው ከዚህም ከፋ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 1 ቀን 1985 በአሮጌ አውቶቡስና ቫን የሚኖሩ ተጓዦች ወደ ስቶንሄንጅ ሲያመሩ የዊልትሸር ፖሊስ መንገድ ዘጋባቸው። ከ500 በላይ ሰዎች ታሰሩ፣ መኖሪያቸው የሆኑ መኪኖች መስታወት ተሰባበረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕግም ፖሊስ እንዲህ ያሉ ሰፋሪዎችን የሚያነሣበትን ሥልጣን አሰፋ።

የአሥር ዓመቱ ደንብ

የአሥር ዓመቱ ደንብ የመንግሥት ሕግ አይደለም። የግል ካምፕ ባለቤቶች፣ በተለይ ውድ የሚባሉት፣ በገዛ ግቢያቸው የሚያወጡት ነው። የብሔራዊ ፓርኮችና የመንግሥት ደኖች የመኪና ዕድሜ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ርዝመት ነው፣ መታጠፊያው ጠባብ ስለሆነ። በምዕራቡ የአሜሪካ ክፍል በፌዴራል መንግሥት ሥር ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ በአብዛኛው እስከ 14 ቀን ድረስ ማንም በነፃ ማደር ይችላል። አውቶቡሰኞች እዚያ የሚበዙት ያለምክንያት አይደለም።

ወቀሳውን በግል ካምፕ ባለቤቱ ላይ ብቻ መጣል ግን አይገባም። የሚፈራው ነገር አለው። ያረጀ መኪና ተበላሽቶ ግቢው ውስጥ ሊቀር ይችላል፤ 12 ቶን ብረት ማስጎተት ደግሞ ብዙ ያስወጣል። በብዙ ግዛቶች ሕግ ረዘም ላለ ጊዜ የተቀመጠ እንግዳ የተከራይ መብት ስለሚያገኝ ማስወጣቱ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። በመኪናው ባለቤት እጅ የተዘረጋ የኤሌክትሪክና የጋዝ መስመር የእሳት ሥጋት ነው። በሚሊዮን ብር የሚቆጠር አዲስ መኪና ይዞ የመጣው ደንበኛም ከዛገ አውቶቡስ አጠገብ መቆም አይወድም።

ከእነዚህ ሥጋቶች ውስጥ የመጨረሻው ብቻ ነው ከመልክ ጋር የተያያዘው፤ ደንቡ ግን ሁሉንም በአንድ ቁጥር ሊለካ ይሞክራል። እዚህ ላይ ነው የሚስተው። የስድስት ዓመት መኪና የሽንት ቤት ጋኑ ሊያፈስ ይችላል፤ የአርባ ዓመት አውቶቡስ ደግሞ ጋኑም ሽቦውም ባለፈው ዓመት ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ካምፖቹ ራሳቸው ይህን ያውቁታል። ለዚህ ነው ብዙዎቹ «ፎቶ ላኩልን» የሚሉት፤ አውቶቡሱ ቀለሙ ካማረ ዕድሜው ይታለፋል። የባያም ዘመን ኤርስትሪምም ተወልውሎ ሲመጣ እንደ ቅርስ ይታያል፣ ከጎኑ ሰዎች ፎቶ ይነሣሉ። የዕድሜ እኩያው የሆነ አውቶቡስ ከበር ይመለሳል። ስለዚህ ዕድሜ የሚባለው ነገር በብዙ ቦታ የሀብትና የደረጃ መለኪያ ነው።

በእኛ መንገድ

ከካይሮ ወደ ኬፕታውን የሚወርዱ የረጅም መንገድ ተጓዦች ከሱዳን በመተማ ገብተው በጎንደርና በባሕር ዳር አድርገው፣ ዳንግላንና እንጅባራን አቋርጠው በቡሬና በደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ይደርሱ ነበር። አብዛኞቹ የሚነዱት የተለወጠ የጭነት መኪና፣ ቫን ወይም አውቶቡስ ሲሆን፣ ያረጀውን የሚመርጡትም በዓላማ ነው፤ ኮምፒውተር የሌለው ሞተር በየትኛውም ጋራዥ ይጠገናል። የሚያርፉባቸው ቦታዎች ጥቂት ቢሆኑም የታወቁ ነበሩ። አዲስ አበባ ለገሃር አካባቢ የነበረው ዊምስ ሆላንድ ሀውስ አንዱ ነው። ጣና ዳር ጎርጎራ ላይ ሆላንዳውያን ጥንዶች የመሠረቱት ቲም ኤንድ ኪም ቪሌጅ ሌላው ነው። በ2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት መነሣቱና በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ መባባሱ ግን ይህን መስመር አቀዝቅዞታል።

በእነዚህ ማረፊያዎችም ሆነ በየከተማው የሆቴል ግቢ የመኪናውን ዕድሜ የሚጠይቅ ሰው አይታሰብም። የሚጠየቀው ግቢው ይበቃዋል ወይ፣ በሩ ያስገባዋል ወይ፣ ለዘበኛው ስንት ይሰጣል የሚለው ነው። ይህ ከደግነት ብቻ የመጣ አይደለም። እኛ አገር መኪና መለወጥ የዕለት ሥራ ነው። በየገጠሩ መንገድ ሰው የሚጭነው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ራሱ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ በላሜራና በብየዳ የተሠራ ነው። አሜሪካዊው አውቶቡሱን ቤት ሲያደርግ የእኛ ባለሙያ አይሱዙውን አውቶቡስ አድርጎታል።

መንግሥትም ያረጀ መኪናን በሁለት መንገድ ይለካል። ከውጭ ሲገባ የሚለካው በዕድሜ ነው፤ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ባረጀ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል። መንገድ ላይ ያለውን ግን በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ይለካዋል፤ ፍሬኑ፣ መሪው፣ መብራቱ ታይቶ ካለፈ ቦሎ ይለጠፍለታል፣ የተሠራበት ዓመት አያግደውም። ለካምፕ በር የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው።

ጥርባ ላይ ቢሆንስ?

ጥርባና ዘንገና እሳተ ገሞራ የወለዳቸው የአዊ ሐይቆች ናቸው። ዘንገና ከዋናው አስፋልት ዳር ነው፤ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር በላይ እንደሚሆን ይነገራል። የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓላቸውን ሲያከብሩ አገሩ በእንግዳ ይሞላል። ሰላሙ ተመልሶ መንገዱ ሲከፈት፣ በሐይቆቹ አጠገብ መኪና ማሳደሪያ ግቢ የሚያስብ ወጣት ማኅበር ወይም ወረዳ መኖሩ አይቀርም። ከሆቴል ይልቅ በትንሽ ገንዘብ የሚጀመርም ነው፦ የታጠረ ሜዳ፣ ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ጥበቃ።

ያኔ በር ላይ የሚጻፈው ደንብ ከሌላ አገር ተቀድቶ እንዳይመጣ ያስፈራል። የአሥር ዓመት ደንብ እዚህ ቢወጣ ከሚመጡት ተጓዦች አብዛኞቹን ይመልሳል፣ ሐይቁን ግን ከምንም አያድንም። እንዲህ ያለ ጎድጓድ ሐይቅ የገባበትን ቆሻሻ እንደ ወንዝ ጠርጎ አይወስድም፤ ዙሪያው ቁልቁለት ስለሆነ ከዳር የፈሰሰ ሁሉ ዝናብ ይዞት ይወርዳል። በመኪና ሽንት ቤት ጋን ውስጥ ደግሞ ሽታ የሚያጠፋ ኬሚካል ይጨመራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእጣቢህና የሽንት ቤትህ ጋን ያፈሳል?» መሆን አለበት፤ ማፍሰሻ ጉድጓዱም ከሐይቁ ተዳፋት ውጭ መቆፈር ይኖርበታል።

ሁለተኛው ጥያቄ ዘይት ነው፦ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፎ ማደር፣ ጧት ማየት። ሦስተኛው ክብደት ነው። የአዊ ክረምት ዝናቡ ብርቱ ነው፤ የረጠበ ሜዳ 12 ቶን አይሸከምም፤ ለከባድ መኪና የሚሆን ጠጠር የፈሰሰበት ቦታ ከሌለ ክረምት ላይ አለመቀበል ይሻላል። አራተኛው ጩኸትና ጭስ ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሩ ይሳሳል፤ ተርቦ የሌለው አሮጌ ዲዝል እዚህ ከቆላው የበለጠ ያጨሳል፤ እንዲህ ያለው መኪና ከድንኳኖቹ ርቆ በነፋሱ መውረጃ በኩል ይቁም። አምስተኛው የቆይታ ጊዜ ነው። አሜሪካዊው ባለ ካምፕ በዕድሜ ሊከላከለው የሞከረውን፣ መጥቶ የማይሄደውን እንግዳ፣ የቀን ገደብና ቅድሚያ ክፍያ ይመልሱታል።

አምስቱም ጥያቄዎች በአንድ ጥበቃና በአንድ የእጅ ባትሪ የሚመረመሩ ናቸው። አዲሱንም አሮጌውንም እኩል ይጠይቃሉ፤ የሚያፈሰውን አዲስ መኪና ይመልሳሉ፣ የተጠበቀውን አሮጌ አውቶቡስ ያስገባሉ። የተሠራበት ዓመት ከእነዚህ ለአንዱም መልስ ስለማይሆን በመዝገቡ ላይ ዓምድ አያስፈልገውም።