ባቡሩ ትቶት የሄደው ጎዳና

ከሳሪስ ወይም ከለቡ ተነሥቶ የቢሾፍቱን ሐይቆች በብስክሌት ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት መንገድ ያሳስበዋል። በቃሊቲ፣ በአቃቂና በዱከም የሚያልፈውን የድሮውን የደብረ ዘይት መንገድ ከባድ መኪና ሞልቶታል። የክፍያ መንገዱ ደግሞ ለብስክሌት ዝግ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ተቆፍሮና ተደልድሎ ያለቀ፣ ዛሬ ግን ሥራ የፈታ ሌላ መስመር አለ፤ አሮጌው የባቡር ሐዲድ።

ዳግማዊ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. በለቡ ጣቢያ ሲመረቅ፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋው አሮጌ መስመር ከአገልግሎት ከወጣ ቆይቶ ነበር።

ለባቡር የተሠራ መሬት ለብስክሌት የሚመቸው በምክንያት ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ አጥብቆ አይይዝም፤ ዳገቱ ሲበረታ ይንሸራተታል። ስለዚህ መሐንዲሶች ኮረብታውን ይቆርጣሉ፣ ጎድጓዳውን ይሞላሉ፣ ጠመዝማዛውንም ያሰፋሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ፣ ቢሾፍቱ 1,900 ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው 45 ኪሎ ሜትር ያህል ስላለ፣ መንገዱ በአማካይ በየመቶ ሜትሩ የሚወርደው አንድ ሜትር ብቻ ነው። ማርሽ በሌለው ብስክሌት እንኳ ወርዶ መመለስ ይቻላል።

ሌሎች ሀገሮች ይህን ተጠቅመውበታል። አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ ኤልሮይንና ስፓርታን የሚያገናኘው የቀድሞ ሐዲድ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የብስክሌት መንገድ ሆነ፤ ሦስት ዋሻዎች አሉት። የኒውዚላንዱ የኦታጎ የብስክሌት መንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ባቡር የቀረባቸው የገጠር መንደሮች ዛሬ ብስክሌተኞችን እያሳደሩና እየመገቡ ይተዳደራሉ። የአሠራሩ ሐሳብ ቀላል ነው፤ ሐዲዱ ተነሥቶ ደቃቅ ጠጠር ይጠቀጠቃል፣ ለድልድዮቹ መከላከያ አጥር ይበጃል።

እኛም ለብስክሌት እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ በ1949 ዓ.ም. ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። በባሕር ዳር ብስክሌት ከዕለት ኑሮ ጋር ተዋዶ ኖሯል። ንፋስ ስልክ ላፍቶም ውስጥ ከለቡ ወደ ጀሞ ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠርቷል። አጭር ነው፤ ግን ከዚያ የሚነሣ ወጣት ከከተማ የሚያወጣው መንገድ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

መድረሻውም ለድካሙ የሚያንስ አይደለም። ሆራ፣ ቢሾፍቱና ባቦጋያ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ከምድር ውስጥ የወጣው ቅልጥ ዓለት ከርሰ ምድር ውሃን ሲያገኝ በእንፋሎት ፍንዳታ መሬቱን ቦረቦረው፤ ጉድጓዱም በውሃ ሞላ። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 80 ሜትርን ያልፋል። አፋፉ ላይ እስኪደርሱ ድረስ ውሃው አይታይም። ጨለለቃ ግን ጥልቀት የሌለው የረግረግ ውሃ ነው፤ በበጋ ከሩቅ ሀገር የሚመጡ ወፎች ያርፉበታል። ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት በመሆኑ ብስክሌተኛ በዓሉንና ቦታውን አክብሮ ሊሄድ ይገባል።

በከተማው ውስጥ መስመሩን ማስከፈት ቀላል አይሆንም። ሰው በሐዲዱ ዳር ይኖራል፣ ይነግዳል፤ እሱን አፈናቅሎ የሚሠራ የመዝናኛ መንገድ አልደግፍም። ሐዲዱ ቅርስ ነውና ሁሉም መነቀል የለበትም፤ ቦታ ባለበት ጎን ለጎን መንገድ መዘርጋት ይቻላል። የጣቢያ ሕንፃዎቹም ውሃ የሚጠጣባቸው፣ ጎማ የሚጠገንባቸው ማረፊያዎች ቢሆኑ ይጠበቃሉ። እኔ ብሆን ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ ባለው 10 ኪሎ ሜትር ያህል እጀምራለሁ፤ ከከተማው ግርግር ወጥቶ ሐይቆቹ ድረስ የሚዘልቀው ክፍል እሱ ነውና።