የሳነቴ ፍልፈል

በባሌ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዘረጋው በሳነቴ አምባ፣ የሌሊት ውርጭና የቀን ሐሩር በሚፈራረቁበት፣ ከጅብራ በቀር ቁመት ያለው ተክል እምብዛም በማይታይበት አገር፣ እንግዳ ሁሉ ዓይኑን የሚያንከራትተው ቀይ ቀበሮን ለማየት ነው፤ ነገር ግን የዚያን አምባ ሥነ ፍጥረት በጥሞና ለሚመረምር ሰው፣ አስቀድሞ ሊተዋወቀው የሚገባው ከእግሩ ሥር የሚኖረው ትልቁ ፍልፈል ነው።

ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም በየትም አይገኝም። ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ራሱ ግዙፍ፣ እግሮቹ አጫጭር፣ የፊት ጥርሶቹ ከከንፈሩ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ዓይኖቹም ወደ አናቱ ከፍ ብለው ስለ ተቀመጡ፣ ከጉድጓዱ አፍ ገና ብቅ እንዳለ ዙሪያውን ለመቃኘት ይችላል። አብዛኛውን ዕድሜውን በከርሠ ምድር ያሳልፋል፤ ሲሳዩን ለመሰብሰብ በቀን ለጥቂት ጊዜ ሲወጣም የኋላ አካሉን ከቀዳዳው ሳያርቅ፣ የደረሰበትን ሣርና ቅጠል በጥርሱ እየነጨ አፉን ይሞላና ወደ ኋላው እየተሳበ ይሰወራል፤ ዙሪያው ሲራቆትም ያን ቀዳዳ በአፈር ደፍኖ ሌላ ይከፍታል። በዚህ ጊዜ ቡናማ ቀለም ያላት አንዲት ትንሽ ወፍ አጠገቡ ቆማ፣ ከገፋው አፈር ውስጥ ነፍሳትን ስትለቅም ትታያለች፤ አዳኝ ስታይ የምታሰማው ጩኸትም ለፍልፈሉ ማስጠንቀቂያ እንደሚሆነው ይታመናል።

ያለ በሬ የሚያርስ ገበሬ ነው ብንለው አላጋነንም። የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ያወጣል፤ አየርና ዝናብ ወደ ምድር የሚገቡበትን መንገድ ይከፍታል፤ ትቶት የሄደው ዋሻም ለሌሎች አይጦች መጠጊያ ይሆናል።

ቀይ ቀበሮ ከነቤተ ሰቡ በኅብረት የሚኖር አውሬ ሲሆን፣ ወደ አደን የሚሰማራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው፤ ሆዱን ከመሬት አጣብቆ እያደባ ወደ ጉድጓዱ ይጠጋል፣ ፍልፈሉ ራሱን እስኪያወጣም በትዕግሥት ይጠብቃል። በመላው ዓለም የቀሩት ጎልማሶች 500 የማይሞሉት ይህ ክቡር አውሬ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ወገኑ በባሌ የተጠለለው፣ እንዲህ ያለው ሲሳይ በዚያ ስለ በዛለት ነው። ብዝኃ ሕይወትን የፍጥረታት ብዛት ብቻ አድርገን ስንቆጥር፣ አንዱ የሌላው ምግብ፣ መጠለያና ጠባቂ መሆኑ ይሰወርብናል፤ ዝናው የቀበሮው ቢሆንም ማዕዱን የዘረጋው ፍልፈሉ ነው።

የባሌ አርብቶ አደሮች ጎዳንቱ በሚሉት ጥንታዊ ልማድ ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ እየመለሱ ያግዱ ነበር፤ ግጦሹም በየተራ ያርፍ ነበር። ዛሬ ግን ብዙ ሰው በደጋው ላይ ጸንቶ ሰፍሯል፤ ከሰው ጋርም ውሻ መጥቷል። የእብድ ውሻ በሽታ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003ና በ2008 የባሌን ቀበሮዎች በብዛት ፈጅቷል። ስለዚህም ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ፤ ሊመሰገን የሚገባው ድካም ነው። ሆኖም ተራሮቹ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላም ግጦሹ ያለ ዕረፍት ከቀጠለ፣ ሣሩ ያለቀበት ፍልፈል ይመነምናል፤ ቀበሮውም ከበሽታው ቢድን በረሃብ ይያዛል።