ውሃ የሚተኛበት ማሳ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያስኬደውን መንገድ በበጋ ለሚያየው ሰው ሜዳው ሁሉ አንድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ናቸው የሚለዩት። ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር የዘነበውን ወዲያው ሲያሳልፍ፣ ዝቅ ያለው ጥቁር አፈር ውሃውን አቁሮ ይቀመጣል። እስከ መስከረም ድረስ ኩሬ የሚሆነው ይኸኛው ነው። በቢቸናና በእነማይ አካባቢ በብዛት ይገኛል፤ ገበሬው ዋልካ ወይም መረሬ ሲለው የአፈር ባለሙያ ደግሞ ቨርቲሶል ይለዋል።

ጠባዩ ሁሉ የሚመነጨው ከሸክላው ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ ያብጣል። ሚያዝያ ላይ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያለው ማሳ የሰኔን የመጀመሪያ ዝናብ በዚያው ስንጥቅ ይጠጣል። ከዚያ አፈሩ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ የሐምሌ ውሃ ወደ ታች የሚሰርግበት ቀዳዳ አያገኝም። ማረሱም ፈተና ነው፤ ሲረጥብ ማረሻ ላይ ይለጠፋል፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

ውሃ በተኛበት አፈር ውስጥ አየር ቶሎ ያልቃል። ያኔ ረቂቅ ተህዋስያኑ ወደ ናይትሬት ይዞራሉ፤ ናይትሮጂኑም ጋዝ ሆኖ ይበናል። እንዲህ ባለ ኩሬ ላይ ዩሪያ መበተን ገንዘብን ወደ ሰማይ መላክ ነው። የሆነውን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ጥቅምት ላይ ኩሬው ከሸሸበት ቦታ አንድ ጓል አንስቶ መስበር ይበቃል፤ ውስጡ ግራጫ ሆኖ የሣሩ ሥር ባለፈበት ሁሉ ቀጭን የዝገት መስመር ይታያል። መስመሩ ሥሩ ይዞት በገባው አየር የዛገ ብረት ነው። ግራጫው ወደ ላይ በቀረበ ቁጥር ውሃው እዚያ ብዙ ሰንብቷል ማለት ነው።

የገበሬው የቆየ መልስ መጠበቅ ነው። ውሃው ሲሸሽ ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ ይዘራል፤ ሰብሉም ሸክላው ባስቀረው እርጥበት ብቻ ያድጋል። ምርጫው እጅግ ብልህ ይመስለኛል፤ ውሃው የወሰደውን ናይትሮጂን ጥራጥሬው በሥሩ ከአየር ይሠራዋልና። ጓያ ውሃንም ድርቅንም ይችላል። ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግር ያሽመደምዳልና ችግር በጠና ዓመት እንኳ ከሌላ እህል ጋር መደባለቅ ይኖርበታል።

የመጠበቅ ዋጋው አንድ ሙሉ ክረምት ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከአገሬው ማረሻ በመነሣት መደብ ማውጫ ሠርቶ ነበር። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው መደቦችና በመካከላቸው ቦይ ያወጣል፤ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ስንዴው ከፍ ባለው መደብ ላይ በክረምቱ ይበቅላል። ገበሬው ሥራውን ወደደው፣ ክብደቱን ግን ጠላው። በኋላ የመጣው አይባር የተባለው ቀለል ያለ መሣሪያ በዚያው ባገሬው ማረሻ ላይ ይገጠማል።

ፎገራ ሩዝ ዘርቶ ረግረጉን ለወጠ፤ እዚህም ለምን አይዘራም የሚል አይጠፋም። ፎገራ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ። ሩዝ ሲያብብ የሌሊቱ ብርድ ፍሬውን ባዶ ያስቀረዋል።

የኩሬዎቹ ጥልቁ ክፍል ደግሞ እንዲጠነፈፍ አልመክርም። በበጋ ሌላው ሜዳ ሲነጣ የከብቱ ሣር የሚገኘው እዚያ ነው። ሊታረስ የሚገባው ዳር ዳሩ ነው።

ለዳሩም ቢሆን ከመሣሪያው በላይ የሚያስቸግረው የውሃው መውጫ ነው። ውሃ ማስወጫው ቦይ (ፈሰስ) የሚወርደው ከታች ባለ ሰው ማሳ ላይ ነው፤ በአንድ ክረምት ቦረቦር ሊያወጣ ይችላል። የት ይውረድ የሚለው ከባለማሳው ጋር በሚያዝያ ቢያልቅ ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ ዶማ ይዞ መነጋገር አይመችም።