የብሉቱዝ ድምፅ እና ኮዴኮቹ

የሽቦ አልባ ማዳመጫ ካርቶን ላይ ኤስቢሲ፣ ኤኤሲ፣ አፕትኤክስ፣ ኤልዳክ የሚሉ ስሞች ተደርድረው ይታያሉ። ሁሉም የኮዴክ ስሞች ናቸው። ኮዴክ ማለት ስልኩ ድምፁን አሳንሶ የሚልክበት፣ ማዳመጫውም ተቀብሎ የሚፈታበት ስልት ነው።

ማሳነሱ የግድ ነው። የሲዲ ጥራት ያለው ሙዚቃ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ይይዛል። ብሉቱዝ ደግሞ ባትሪ እንዲቆጥብ ታስቦ የተሠራ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ላይ ከዋይፋይ ጋር እየተጋፋ የሚሠራ ጠባብ መሥመር ነው። ይህን ሁሉ ሳይቆራረጥ ማሳለፍ ይከብደዋል። ደግነቱ ጆሯችን ራሱ ሁሉን አይሰማም፤ ኃይለኛ ድምፅ ባለበት ቅጽበት አጠገቡ ያለው ደካማ ድምፅ ይሸፈናል። ብዙ ኮዴኮች በየመንገዳቸው ይህን የጆሮ ባሕርይ ተጠቅመው ይቆጥባሉ።

ማንኛውም የብሉቱዝ ሙዚቃ ማዳመጫ እንዲያውቀው የሚገደደው ኤስቢሲን ነው። ድምፁን ከወፍራም እስከ ቀጭን በ4 ወይም በ8 ይከፍልና ለየክፍሉ ቢት ያድላል። በጥሩ ጥራት ሲሠራ በሰከንድ 328 ኪሎቢት ይልካል። ክፉ ስም ወጥቶለታል፤ እኔ ግን ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ይመስለኛል። ድምፁ የሚበላሸው አምራቹ መጠኑን ከዚህ በታች ሲያወርደው ነው።

ጉዳቱን በጆሮ ለመለየት በደንብ የተቀረጸ ወረብ ማዳመጥ ጥሩ ነው። ከበሮው ለኮዴክ ያን ያህል አያስቸግርም። ጸናጽሉ ግን ድንገት የሚነሣ፣ በቀጫጭን ሞገዶች የተሞላ፣ ወዲያው የሚጠፋ ድምፅ ስለሆነ እያንዳንዱ ምት ብዙ ቢት ይፈልጋል። ቢቱ ሲያንስ የብረቱ ጥራት ይጠፋና ደረቅ የ«ሽሽ» ድምፅ ብቻ ይቀራል። ጭብጨባውም የየሰዉ እጅ መሆኑ ቀርቶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይዋሐዳል። ዘፋኙ ብቻውን በክራር ሲያንጎራጉር በሁለት ኮዴኮች መካከል ልዩነት ያጣ ሰው እዚህ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

አይፎን ከኤስቢሲ ሌላ የሚጠቀመው ኤኤሲን ነው፤ አፕትኤክስንም ኤልዳክንም አይልክም። ስለዚህ አይፎን ይዞ ለኤልዳክ ሲል ተጨማሪ ብር የሚከፍል ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ኤኤሲ ከኤስቢሲ ይልቅ ረቂቅ ስሌት ስላለው በአነስተኛ ቢት ጥሩ ድምፅ ያወጣል፤ በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ግን ጥራቱ ከስልክ ስልክ ይለያያል።

አፕትኤክስ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ምርምር ነው፤ ከስልኮች በፊት የሬዲዮ ጣቢያዎች ድምፅ ለማስተላለፍ ተጠቅመውበታል። አሁን የኳልኮም ንብረት ነው። ድምፁን ወደ ሩብ ያሳንሰዋል፤ 352 ኪሎቢት ማለት ነው።

ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ኤልዳክ እስከ 990 ኪሎቢት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ ከአንድሮይድ 8 ወዲህ፣ በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ግን ትልቁ ቁጥር ብቻ ነው። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ሲሆን ሰውነታችን ሞገዱን ይውጠዋል፤ ሰው በተጨናነቀበት ታክሲ ውስጥ ደግሞ የሌሎች ሰዎች መሣሪያዎች ይጋፉታል። ያን ጊዜ ኤልዳክ እንዳይቆራረጥ ወደ 660፣ ከዚያም ወደ 330 ይወርዳል። 330 ደግሞ ከኤስቢሲ 328 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም ምንጩ ራሱ በ128 ኪሎቢት የታመቀ፣ በቴሌግራም የተላከ ኤምፒ3 ከሆነ፣ የጠፋውን የሚመልስ ኮዴክ የለም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ልዩነት የሚመጣው ማይክሮፎኑ ሲከፈት ነው። በተለመደው ብሉቱዝ ማዳመጫው ድምፅ መላክም ሲጀምር ከሙዚቃው መሥመር ወጥቶ ወደ ስልክ ጥሪው መሥመር ይገባል። እዚያ ድምፁ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ይለካል፤ በሲዲ 44,100 ጊዜ ነው። ውድ ማዳመጫ በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ በድንገት እንደ አሮጌ ስልክ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የኮምፒውተሩን ማይክሮፎን መምረጥ ብዙውን ጊዜ ጥራቱን ይመልሳል። ይህን ቀላል ነገር ሻጮች ቢነግሩን ብዙ ማዳመጫ ያለ ጥፋቱ አይጣልም ነበር።

ይህንን ችግር ለማቃለል የመጣው ኤልሲ3 የተባለ ኮዴክ ነው። ፍራውንሆፈር እና ኤሪክሰን ሠርተውት እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ይፋ ሆነ። ለሙዚቃም ለጥሪም አንድ ኮዴክ ስለሆነ፣ በጥሪ ጊዜ ድምፁ እንደ ቀድሞው መውረድ የለበትም። ከእሱ ጋር የመጣው ኦራካስት ደግሞ ከአንድ ማሠራጫ ብዙ ሰው በየማዳመጫው እንዲሰማ ያደርጋል። ለዚህ ግን ስልኩም ማዳመጫውም አዲሱን ብሉቱዝ ማወቅ አለባቸው፤ አንዱ ካላወቀ አብዛኞቹ ማዳመጫዎች ወደ ድሮው መሥመር፣ ወደ እነ ኤስቢሲ፣ ይመለሳሉ።